«የሚጎዳ» ልጅ፤ ኦቲዝምን የመጠርጠር አጭር ታሪክ

አንድ ልጅ አለ እንበል። ዕድሜው 14 ነው። ትምህርት ቤት ጓደኛ የለውም፤ በዕረፍት ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አይጠፋም። አንድ ነገር ከያዘው አይለቀውም፤ አምና የባቡር ሰዓት ሰሌዳ ነበር፣ ዘንድሮ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንኮች ናቸው። «ይሄ ፍትሕ አይደለም» ብሎ ካመነ ከመምህሩ ጋርም ቢሆን እስከ ደወል ይከራከራል። ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ልጅ ምን ሆኗል? ነገሩን የሚያውቅ ሰው «ምናልባት ኦቲዝም ይኖረው ይሆናል» ይላል። ጽንፈኞችን ነቅተህ ጠብቅ የተባለ መምህር ግን እነዚያኑ ምልክቶች ደምሮ ሌላ ውጤት ሊያወጣ ይችላል፤ ብቸኛ፣ ግትር፣ ቂም የያዘ፣ ስለ ጦር መሣሪያ የሚያነብ፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያድር። በጸጥታ ሰዎች አነጋገር «ተጋላጭ»።

ባለፉት 15 ዓመታት በአውሮጳ፣ ከሁሉም በላይ በብሪታንያ፣ «ኦቲዝም ያለበት ሰው በቀላሉ ወደ ጽንፈኝነት ይሳባል» የሚለው ግምት ከፖሊስ ቢሮ እስከ ጋዜጣ ዓምድ ሲመላለስ ቆይቷል። ግምቱ አዲስ ይመስላል። እኔ ግን ዕድሜ ጠገብ ነው ባይ ነኝ። ኦቲዝም ስም ካገኘበት ጊዜ ጀምሮ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን ፍርሃት በእነዚህ ልጆች ላይ ሲለጥፍ ኖሯል። የዛሬው ወጌ ስለዚያ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመንጋው ያልገባው ልጅ

«ኦቲዝም» የሚለውን ቃል ከግሪክኛው «ራስ» ቀርጾ ያወጣው ስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር ነው፤ በ1910ዎቹ መባቻ። እሱ ግን ያወራ የነበረው ስኪዞፍሬኒያ ስላለባቸው ሕሙማን ነበር። ዛሬ ኦቲዝም አለባቸው የምንላቸውን ዓይነት ልጆች ሞስኮ ውስጥ ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባለች ሐኪም በ1920ዎቹ አጋማሽ በዝርዝር ገልጻቸዋለች፤ በምዕራቡ ዓለም ብዙም የሰማት አልነበረም። ሊዮ ካነር ባልቲሞር ላይ የ11 ልጆችን ታሪክ አሳትሞ ነገሩን ለዓለም ያስተዋወቀው በ1943 ነው። ለዛሬው ጉዳያችን የሚያስፈልገን ግን አራተኛው ሰው ነው፤ የቪየናው ሐንስ አስፐርገር።

አስፐርገር ስለነዚህ ልጆች በአደባባይ የተናገረው በኦክቶበር 1938 ነው። ናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ከጠቀለለች ገና 7 ወሯ ነበር። ልጆቹን «ኦቲስቲክ ሳይኮፓት» አላቸው። በጊዜው በጀርመንኛ «ሳይኮፓት» ማለት ባሕርዩ ከተለመደው የወጣ ሰው ማለት እንጂ እንደ ዛሬ ፊልም ጨካኝ ገዳይ ማለት አልነበረም። በ1944 ደግሞ የ4 ወንዶች ልጆችን ጉዳይ በስፋት አሳተመ። ስለ ችሎታቸው በአድናቆት ጽፏል። እዚያው ጽሑፍ ላይ ግን ልጆቹ ሆን ብለው ሰው የሚያስከፋ ተንኮል እንደሚሠሩም አሰፈረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጥርጣሬው ከስሙ ጋር አብሮ ነው የተወለደው።

የታሪክ ምሁሯ ኢዲት ሼፈር በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ ነገሩን ከዘመኑ ጋር ታያይዘዋለች። የዚያን ጊዜ የጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም ሐኪሞች «ጌሙት» የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር የነፍስ ስሜት እንደማለት። በናዚ ጆሮ ይህ ቃል ግለሰቡን ከሕዝቡና ከመሪው ጋር የሚያጣብቅ ሙጫ ማለት ሆነ። አብሮ የማይሰለፍ፣ አብሮ የማይዘምር፣ በጋራው ስሜት የማይሰክር ልጅ አንድ ነገር ጎድሎታል ተባለ። በአጭሩ፣ በዚያች ቪየና የኦቲስቲክ ልጅ ጥፋቱ ከመንጋው አለመግባቱ ነበር።

ያቺው ከተማ አም ሽፒገልግሩንድ የሚባል የሕፃናት ክሊኒክ ነበራት። ከ1940 እስከ 1945 ባሉት ዓመታት ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት እዚያ አልቀዋል፤ «የማይጠቅሙ» ተብለው። ሌላው የታሪክ ምሁር ሄርቪግ ቼክ በ2018 ይፋ ያደረጋቸው ሰነዶች እንደሚያሳዩት አስፐርገር የናዚ ፓርቲ አባል ባይሆንም ከፓርቲው ጋር ወደተያያዙ ማኅበራት ገብቷል፤ ቢያንስ 2 ትንንሽ ሴት ልጆችንም ወደዚያ ክሊኒክ ልኳል። ሁለቱም እዚያው ሞቱ። እነዚህ ልጆች ኦቲስቲክ ተብለው የተመዘገቡ አልነበሩም፤ የከበደ የእድገት ችግር የነበረባቸው ነበሩ። ሚዛኑ ግን ያው ነው፤ ለሕዝቡ ይበጃል ወይስ አይበጅም?

ስለ ኦቲዝምና ጽንፈኝነት የሚወራ ታሪክ ከዚህ ቢጀምር ፍትሐዊ ይመስለኛል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጽንፈኛው መንግሥት ነበር።

እናት፣ አሻንጉሊትና ርኅራኄ

ጦርነቱ አለፈ፤ ፍርሃቱ መልኩን ቀየረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ ካነር ስለ ወላጆቹ ቅዝቃዜ መጻፍ ጀመረ። ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉ ጥፋቱን ጠቅልሎ እናት ላይ ጣለው። ቤተሰብ የማኅበረሰብ ምሰሶ ነው ተብሎ በሚሰበክበት ዘመን ፍርሃቱ «ክፉ እናት» ነበረች። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርናርድ ሪምላንድ ገና በ1964 ነገሩ ከአንጎል ተፈጥሮ እንደሚነሳ ተከራክሮ ነበር፤ ጥፋተኛ ተብለው የኖሩ እናቶች ግን ነጻ እስኪወጡ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

በ1985 ለንደን ላይ ሳይመን ባረን ኮኸን፣ አለን ሌዝሊና ኡታ ፍሪዝ አንድ የአሻንጉሊት ፈተና ሠሩ። አንዷ አሻንጉሊት ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አስቀምጣ ትወጣለች፤ ሌላዋ ብይውን ወደ ሳጥን ታዛውረዋለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ የት ትፈልገዋለች? ከ20 ኦቲስቲክ ልጆች 16ቱ «ሳጥኑ ውስጥ» አሉ። ሌላው ሰው እነሱ የሚያውቁትን እንደማያውቅ ማሰብ ከበዳቸው ማለት ነው።

ግኝቱ የሌላውን ሐሳብ ስለ መገመት ነበር። መንገድ ላይ ሲወርድ ግን «ኦቲስቲክ ሰው ርኅራኄ የለውም» ሆኖ ቁጭ አለ። እነዚህ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ፊትህን አይቶ ማዘንህን ያላወቀ ሰው፣ ማዘንህን ስትነግረው ከማንም በላይ ሊጨነቅልህ ይችላል። ጨካኙ ግን ማዘንህን አሳምሮ ያውቃል፤ ግድ አይሰጠውም። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነው እንግሊዛዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ዴምየን ሚልተን በ2012 ነገሩን ገልብጦ አሳየ። አለመግባባቱ ሁለት ወገን አለው፤ እነሱ እኛን ለማንበብ የሚቸገሩትን ያህል እኛም እነሱን ማንበብ አልቻልንም አለ።

ከ132 ሦስት

የአስፐርገርን የተረሳ ሥራ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ሕይወት የዘራችበት ሎርና ዊንግ ናት፤ በ1981። ሐኪምም፣ ኦቲዝም ያለባት ልጅ እናትም ነበረች። ብዙ ሳይቆይ በብሪታንያ የአንድ ሰው ታሪክ ታተመ፤ አስፐርገር ሲንድሮም ያለበትና ዓመፅ የሚፈጽም ሰው። ከዚያ በኋላ ወሬው «በዓመፀኞች መካከል ሳይታወቅ የቀረ ስንት ይኖር ይሆን?» ወደሚል ዞረ።

በ1991 ሞሐመድ ጋዚዑዲንና ባልደረቦቹ እስከዚያ ቀን የታተሙትን ታሪኮች ሰብስበው ቆጠሩ። 132 ሰው። ከእነዚህ ውስጥ ግልጽ የዓመፅ ታሪክ የነበራቸው 3 ብቻ ነበሩ። ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም፤ አንድ የሚያስፈራ ታሪክ ከ129 ሰላማዊ ታሪኮች ይልቅ ይጮኻል። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት» ይሉ የለ።

ጎረቤቱ ሲቀበል

ሜይ 22 ቀን 2008፣ ኤክሰተር የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ። ኒኪ ሬይሊ የሚባል የ22 ዓመት ወጣት በምስማር የታጨቀ ቦምብ ይዞ ምግብ ቤት ገባ። ቦምቡ መጸዳጃ ቤት ውስጥ እጁ ላይ ፈነዳ፤ ከእሱ በቀር የተጎዳ አልነበረም። ሬይሊ አስፐርገር ሲንድሮም ነበረበት፤ ኢንተርኔት ላይ ያገኛቸው ሰዎች እንዳደፋፈሩት ፖሊስ ተናግሯል። በጃንዋሪ 2009 የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በኦክቶበር 2016 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ለጸጥታ ተቋማት ይህ ሰው ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ከኤክሰተር በፊት ኦቲዝም የሐኪም ጉዳይ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የፀረ ሽብር ሰዎችም ጉዳይ ሆነ።

ሌሎቹ ተከተሉ። በጁላይ 2011 ኖርዌይ ውስጥ 77 ሰው የገደለው የቀኝ ጽንፈኛ በ2012 ችሎት ሲቀርብ፣ አንድ ታዋቂ የሥነ አእምሮ ፕሮፌሰር «አስፐርገር ሊሆን ይችላል» ብለው መሰከሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ሰውየው ለድርጊቱ ሙሉ ኃላፊ ነው ብሎ 21 ዓመት ፈረደበት። ግን ቃሉ አንዴ ከአፍ ወጥቷል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 14 አሜሪካ፣ ኒውታውን ከተማ አንድ ወጣት ትምህርት ቤት ገብቶ 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞችን ሲገድል፣ ቴሌቪዥኖቹ ምክንያት ፍለጋ ላይ ሳሉ መጀመሪያ ካነሷቸው ነገሮች አንዱ አስፐርገር ነበር። የኦቲዝም ማኅበራት «ይህ ከእንዲህ ያለ ዓመፅ ጋር አይያያዝም» የሚል መግለጫ ለማውጣት ተሯሯጡ። እስኪ አስቡት፤ ልጁን ነገ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ ምን አለ?

22 ነጥብ

ብሪታንያ «ፕሪቬንት» የሚባል ፕሮግራም አላት። በ2003 ተነድፎ፣ 52 ሰዎች ከተገደሉበት የጁላይ 2005 የለንደን ጥቃት በኋላ ተስፋፋ። ሐሳቡ ሰው ወንጀል ከመሥራቱ በፊት መያዝ ነው። በ2015 ሕግ ወጣለትና መምህሩ፣ ነርሷ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ሁሉ «የሚያጠራጥር ሰው» የመጠቆም ግዴታ ወደቀባቸው። የዚያን ሰሞን ሉተን ከተማ ያለ የሕፃናት ማቆያ የ4 ዓመት ልጅ «ኩከምበር» (ኪያር ማለቱ ነው) የሚለውን ቃል ሲኮላተፍ «ኩከር ቦም» ብሎ ስለተሰማ ሠራተኞቹ ደንግጠው እናቱን አነጋገሩ የሚል ወሬ በ2016 ወጥቶ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

በ2012 የወጣው የፕሮግራሙ መመዘኛ 22 ነጥቦች ነበሩት። የበደልና የፍትሕ መጓደል ስሜት፣ የማንነትና የወገን ፍለጋ፣ ለስብከት መማረክ፣ የለውጥ ፍላጎት፣ የሕይወት መሸጋገሪያ ላይ መሆን፣ የአእምሮ ጤና ጉዳይ እያለ ይወርዳል። እኔ በ16 ዓመቴ ስንቱን እንደማሟላ ስቆጥር ስቄያለሁ። ኦቲዝም ላለበት ልጅ ግን ሳቅ አይደለም። እኛ ልብሳችን ውስጥ የምንደብቀውን እሱ በግልጽ ይናገረዋል። ስለ ታንክ ከጠየቅኸው ስለ ታንክ ይነግርሃል፤ ስለ ሒትለር እያጠና ከሆነ «ሒትለርን እያጠናሁ ነው» ይልሃል፤ ዓይንህን እያየ ስላልነገረህ ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለው ትላለህ።

በጁላይ 2021 የብሪታንያ የሽብር ሕጎች ገለልተኛ ገምጋሚ ጆናታን ሆል ወደ ፕሪቬንት ከሚጠቆሙት ሰዎች መካከል የኦቲስቲኮቹ ቁጥር እጅግ ከፍተኛ መሆኑን ለቢቢሲ ተናገረ። የእሱ ጭንቀት ሥርዓቱ እነዚህን ሰዎች በአግባቡ እያስተናገዳቸው ነው ወይ የሚል ነበር። የጋዜጣ ርዕስ ሆኖ ሲዞር ግን ብዙ ሰው የሰማው «ኦቲስቲኮች ለሽብር ቅርብ ናቸው» የሚለውን ነው። በማርች 2025 በተጠናቀቀው ዓመት 8,778 ጥቆማዎች ቀርበዋል፤ ከሦስቱ አንድ ያህሉ የአእምሮ ጤና ወይም እንደ ኦቲዝም ያለ ጉዳይ የተመዘገበባቸው ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጥቆማ ማለት ወንጀል አይደለም። ጥቆማ ማለት አንድ ሰው ደነገጠ ማለት ነው። አብዛኞቹ ጥቆማዎች ወደ ቀጣዩ የድጋፍ ደረጃ እንኳ አያልፉም። ጠቋሚውን «ብቸኛውንና ግትሩን ልጅ ተመልከት» ብለህ ካሠለጠንከው፣ ብቸኛና ግትር ልጆች ይዞልህ ይመጣል። ከዚያ ደግሞ የያዝከውን ቆጥረህ «አያችሁ፣ ብዙ ናቸው» ብትል ወንፊትህን እንጂ እህሉን አልነገርከንም።

የተቆጠረው ምን ይላል?

ኤሚሊ ኮርነር፣ ፖል ጊልና ኦሊቨር ሜሰን በ2016 ባወጡት ጥናት 153 ብቻቸውን የሽብር ድርጊት የፈጸሙ ሰዎችን መርምረው 3.3 በመቶ የሚሆኑት ኦቲዝም እንደነበረባቸው አገኙ። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ ግምቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። «ሦስት እጥፍ!» ያሰኛል። ግን 3.3 በመቶ ከ153 ማለት 5 ሰው ነው። ቀሪዎቹ 148ቱ ኦቲዝም የላቸውም። በብሪታንያ ኦቲስቲክ የሆኑ ሰዎች 700,000 ያህል እንደሆኑ ይገመታል፤ በሽብር ጥርጣሬ የሚያዙት ሰዎች ደግሞ ከየትኛውም ወገን ተደምረው በዓመት ጥቂት መቶዎች ናቸው። ከዚህ ተነስቶ አንድን ልጅ መጠርጠር ባሕር ውስጥ መርፌ ፈልጎ ዓሣ ሁሉ መርፌ ነው እንደማለት ነው።

ስለ ዓመፅ በአጠቃላይም ጥሩ መረጃ አለ። በ2017 የወጣ የስዊድን ጥናት ስቶክሆልም ውስጥ 295,734 ወጣቶችን ተከታትሏል፤ ከእነሱ 5,739ኙ ኦቲዝም ነበረባቸው። ላይ ላዩን ሲታይ የጥፋተኝነት ፍርዱ በኦቲስቲኮቹ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል። አብሮ የሚገኘው የትኩረት ችግርና የጠባይ መታወክ ተለይቶ ሲወጣ ግን ልዩነቱ ይጠፋል።

ታዲያ አደጋ የለም ማለቴ ነው? አይደለም። ጓደኛ የሌለው ልጅ የመጀመሪያውን ጓደኛ ኢንተርኔት ላይ ሲያገኝ፣ ያ ጓደኛ ክፉ ከሆነ አደጋ አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የጻፈችው ዛይናብ አል አጣር የምትለው ኦቲዝም የሽብር መንስኤ አይደለም ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ባሕርይ ወዴት እንደሚጎትተው ለየብቻ ይታይ ትላለች። ያው ባሕርይ ወደ አዘቅቱ ሊስብ ይችላል፤ ያው ባሕርይ ሊያድንም ይችላል። ለሕግ መታመን፣ ውሸት አለመቻል፣ «ሁሉም ስላለ» ብሎ አለማመን ከጽንፈኛ ሰባኪ መከላከያ ነው። አንድ ሐሳብ ይዞ አለመልቀቅን ካነሳን ደግሞ በኦገስት 2018 ስቶክሆልም ፓርላማ ፊት ብቻዋን የተቀመጠችውን የ15 ዓመቷን ግሬታ ቱንበርግን አስታውሱ። አስፐርገር እንዳለባት ራሷ ተናግራለች። 22ቱን ነጥብ ይዛችሁ ብትሄዱባት ስንቱን ታሟላ ነበር?

ላልቶና ጠብቆ

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። እንግሊዝ፣ ደርቢሺር ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ኦቲስቲክ ናት። አሜሪካ የሚኖር የነጭ የበላይነት አቀንቃኝ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ አእምሮዋን ያዘው። እናቷ ስትደነግጥ ራሷ ለፕሪቬንት አመለከተች፤ ልጄን አድኑልኝ ብላ። በኦክቶበር 2020 ልጅቷ በፀረ ሽብር ፖሊስ ተያዘች፤ ዕድሜዋ 14 ነበር። በኤፕሪል 2021 በሽብር ተከሰሰች። በዲሴምበር 2021 ክሱ ተቋረጠ፤ መንግሥት ራሱ መርምሮ ብዝበዛ የተፈጸመባት ተጎጂ ናት ስላለ። በሜይ 2022 ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። 16 ዓመቷ ነበር።

አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ቃል አለው። «የሚጎዳ ልጅ» ብላችሁ ጻፉ። «ጎ» ላልቶ ሲነበብ ሰው የሚጎዳ ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ራሱ ጉዳት የሚደርስበት። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሁሉ ነገር ያለው አንባቢው ላይ ነው። የፀረ ሽብሩ ዓለም «ተጋላጭ» የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው። በአንድ አፍ «እንዘንለት» ይላል፣ በሌላው አፍ «እንጠብቀው»። ልጅቷን መጀመሪያ አላልተው አነበቧት። አጥብቀው ማንበብ ሲጀምሩ ከ1 ዓመት በላይ አልፎ ነበር።

የታሪኩን ቅሌት አያችሁት? በ1938 ኦቲስቲኩ ልጅ የተጠረጠረው ከመንጋው አልገባ ስላለ ነው። በ2021 የተጠረጠረው ወደ መንጋ በቀላሉ ይገባል ተብሎ ነው። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፈራነው ነገር ነው።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። አዲስ አበባ ላይ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ በ2002 ለኦቲስቲክ ልጆች የጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ራሳቸው የኦቲስቲክ ልጅ እናት ነበሩና የሚጋፈጡትን ያውቁት ነበር፤ እርግማን ነው፣ ልክፍት ነው ተብሎ ጓዳ የተዘጋበት ልጅ። በ2021 እስካረፉ ድረስ ሲታገሉት የኖሩት ይህንን ነው። ቪየና የሕዝብ አንድነት መጉደልን ፈራች፣ ለንደን ሽብርን፣ እኛ ሰይጣንን። ዛሬ ለንደን ልጁን ትምህርት ቤት የሚልክ ሐበሻ ወላጅ ደግሞ ሁለቱንም ፍርሃት ተሸክሞ ይሄዳል፤ የአገር ቤቱን ሐሜትና የሰው አገሩን ጥቆማ።

ወደ መጀመሪያው ልጅ እንመለስ። ጥጉ ላይ ተቀምጧል፤ ስለ ታንክ ያነባል። ጽንፈኛ ሰባኪ ከእኛ ቀድሞ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ስለ ታንኩ ንገረኝ» ማለት። ይህን ለማድረግ 22 ነጥብ አያስፈልግም፤ አንድ ትርፍ ወንበርና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ማን ይቅደም?

ቸር እንሰንብት።